ያለ አውራ ዶሮ እንቁላል?

ዛሬ ሰኞ ገበያ እንቁላል ስሸጥ አንዲት እናት አንዱን አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙትና "አውራ ዶሮ አለህ?" አሉኝ። "የለኝም እማማ።" "ታዲያ ማን ነው የሚያስጥላቸው?" ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ደሴ ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ሁሉ ይህን ሰምቶታል። ወገኖቼ፣ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም! አውራ የሚፈለገው ለጫጩት ነው። ያለ እሱ የተጣለውን 21 ቀን ብታሳቅፏትም አይፈለፈልም። ለመብላት ግን ያው ነው።

ጎረቤቴ ደግሞ "በቀን ሁለት ሁለት እንዲጥሉ መድኃኒት ስጣቸው" ይለኛል። አንዱ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ እኮ 24 ሰዓት ያልፋል። ቅርፊቱ ብቻ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያቺ ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ናት፤ ሳስበው ታሳዝነኛለች።

"አስኳሉ የነጣው መርፌ ስለወጋሃቸው ነው" የሚሉም አሉ። ቀለሙ የሚመጣው ከምግቡ ነው። ጎመንና ቢጫ በቆሎ ስጨምርላቸው ደመቅ ይላል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከሁሉም የሚያስቀኝ "የደሴ ብርድ ይፈጃቸዋል፣ ኮምቦልቻ አውርዳቸው" የሚለው ነው። አብሽሩ፣ ላባ ለብሰዋል። የሚጎዳቸው እርጥብ ጉዝጓዝና ቤቱን ሰንጥቆ የሚገባ ነፋስ ነው። ጉዝጓዙን ዛሬ ማታ ቀይሬላቸዋለሁ።