የግራው ሲሊንደር

ጃዋ 350ዋ ወደ ጋራዣችን የመጣችው አርብ ከሰዓት ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው የምንሠራው። ባለቤቷ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ከለገሃር ስነሳ እንደ አዲስ ናት። የቸርችልን ዳገት ይዤ ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ ግን ማነከስ ትጀምራለች» አሉኝ።

ለማያውቋት፣ ጃዋ የቼክ ሞተር ሳይክል ናት። ይቺኛዋ ሁለት ሲሊንደር ያላት ቱ ስትሮክ ናት። ቫልቭ የላትም፣ ዘይቷንም ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለው ነው የሚያጠጧት። ፒስተኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስለምታቃጥል አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲዘል ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

አስነስቼ ጠበቅኳት። ስትግል እውነትም መቆራረጥ ጀመረች። ጣቴን ውሃ ነክሬ ሁለቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ፣ ከሲሊንደሩ መውጫ አጠገብ ረጨሁ። የቀኙ ቱሽ ብሎ ተነነ። የግራው ላይ ጠብታው ዝም ብሎ ተንከባሎ ወረደ፣ አልጋለም ማለት ነው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታሁ። የቀኙ ደረቅ ነው፣ ወተት የበዛበት ማኪያቶ መልክ አለው። የግራው ረጥቧል፣ ጠቁሯል።

የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ቤንዚን በዝቶባታል ብዬ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ ማሸጊያውን ጓርኒሲዮን ቀየርኩ፣ ሁለቱንም ካንዴላ በአዲስ ተካሁ፣ በዚያው ኮረንቲውን እየከፈቱ የሚዘጉትን የፑንቲናዎቹን ክፍተትም 0.4 ሚሊሜትር ላይ አስተካከልኩ። ሁሉንም ባንዴ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለነበር እየዘፈነች ወጣች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ እየገፉ መለሷት። ላባቸው በሸሚዛቸው አልፎ ሲታይ አንጀቴ ተላወሰ።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። ብቻ ጠየቁኝ።

«ካርቡራተሩ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ሲሊንደሩስ?»

«ሁለት።»

«ከአንድ ጡት ነው የሚጠቡት። ቤንዚን ቢበዛ ኖሮ ቀኙስ ለምን ደህና ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። ጃዋ ላይ ለየብቻ የሆኑት ካንዴላ፣ ገመዱ፣ ለካንዴላው ኮረንቲውን የሚያጎለብተው ቦቢና፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር ናቸው። ለየጎኑ አንድ አንድ። ስለዚህ መለዋወጫ ሳይገዙ መሞከር ይቻላል፤ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አድርጎ ሕመሙ የት እንደሚሄድ ማየት ነው። ግን አንድ በአንድ። እኔ ሁሉንም ባንዴ ስነካካ የትኛው ምን እንዳመጣ የማውቅበትን መንገድ ራሴ ዘጋሁት።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አቀያየርን፣ ግራው እንደታመመ ነው። ቦቢናዎቹን አቀያየርን፣ አሁንም ግራው ነው። በየመሃሉ እስክትግል ስለምንጠብቅ ሰዓቱ ሄደ። ከዚያ ኮንደንሰሮቹን አቀያየርን። ስትግል ግራው ዳነና ቀኙ ማነከስ ጀመረ!

አለቃዬ የጋራዡን በር ገርበብ አድርገው «ና እይ» አሉኝ። በጨለማው አጎንብሼ አየሁ። የግራው ፑንቲና ላይ መርፌ ጫፍ የምታክል ሰማያዊ ብልጭታ ናት ያለችው። የቀኙ ላይ ግን ቢጫ እሳት ይንጣጣል። ፑንቲናው ሲከፈት ኮረንቲው ክፍተቱን ዘሎ እንዳያልፍ የሚይዘው ኮንደንሰሩ ነው። እሱ ሲደክም ጉልበቱ እዚያው ይባክንና ካንዴላው ጋ የሚደርሰው ብልጭታ ደካማ ይሆናል። ካንዴላውን ያረጠበው ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን ነበር። ኮንደንሰሩ ደግሞ ቀዝቃዛ ሲሆን ይሠራል፣ ሲሞቅ ይከዳል። የቸርችል ዳገት ላይ የምትቆመውም ለዚህ ነው።

የጃዋ ኮንደንሰር ከየት ይመጣል? ሶማሌ ተራ ወርጄ የቮልስ መኪና ኮንደንሰር ገዛሁ፤ ልኩ ስለሚቀራረብ ይሠራል። ሙቀት እንዳያገኘው ከሞተሩ ራቅ አድርጌ አሰርኩት። ጋሼ ቸርችልን ሁለቴ ወጥተው ወርደው ሲመለሱ ሞተሩ ሳይጠፋ ውሃ ረጨሁ። ሁለቱም ቱሽ አሉ። የካርቡራተሩን ሥራና የጓርኒሲዮኑን ዋጋ ከሂሳባቸው ላይ አነሳሁላቸው።