ቀስቶቹን ትቼ አጥንቶቹን ስከተል

የጥንት ሰዎች ከአህጉር ወደ አህጉር እንዴት እንደተዳረሱ ማንበብ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። እንደ ብዙዎቻችን እኔም የጀመርኩት በካርታ ነው። ከአፍሪካ የሚነሳ ወፍራም ቀስት ወደ እስያ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ያምራል። ግን ቀስቱ የቆመው በጥቂት አጥንቶች ላይ ነው። ስለዚህ ካርታውን አጥፌ አጥንቶቹን አንድ በአንድ መከተል ያዝኩ። ለእያንዳንዱ አጥንት ደብተሬ ላይ የምሞላው ይህን ነው፦ የት ተገኘ? ዕድሜው በምን ተለካ? ዲኤንኤ ወጣለት ወይ? ዛሬ ዘመድ አለው ወይ? ነገሩን ሁሉ የገለባበጠችብኝ የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት።

እስራኤል ውስጥ ሚስሊያ ከሚባል ዋሻ የወጣ የላይኛው መንጋጋ ቁራጭ አለ፤ ከነጥርሶቹ። ጥናቱ የወጣው በ2018 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ዕድሜው ከ177 እስከ 194 ሺህ ዓመት ተብሏል። የእኛው ዝርያ ነው። ከአፍሪካ ወጥቶ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ የሚኖረው ሕዝብ ዲኤንኤ ሲታይ ግን፣ ዘሩ በአብዛኛው የሚመዘዘው ከ50 እስከ 70 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከወጡት ነው። ታዲያ የሚስሊያው ሰው ወገኖች የት ገቡ? መድረስ አንድ ነገር ነው፣ ዘር መተካት ሌላ። ካርታው ላይ ሁለቱም ያው ቀስት ናቸው።

ይህን አንጀቴ ድረስ ያስገባልኝ የኡስት ኢሺም ሰው ነው። በ2008 በምዕራብ ሳይቤሪያ፣ ኢርቲሽ ወንዝ ዳር የተገኘ አንድ የጭን አጥንት ነው። በቃ፤ የራስ ቅል የለ፣ መቃብር የለ። ዕድሜው 45 ሺህ ዓመት ግድም። ጂኖሙ (ሙሉ ዲኤንኤው) ተነብቦ በ2014 ይፋ ሆነ። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ስሙኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ትምህርት ውስጥ እንደዚህ የማረከኝ የለም።

ከኒያንደርታል (ከጠፋው የጥንት የሰው ዘመዳችን) ጋር የተዋለደ ሰው ልጁ ከዚያ ወገን የሚወርሰው ዲኤንኤ ረጃጅም ቁራጭ ነው። ከዚያ በየትውልዱ ዲኤንኤው ሲደባለቅ ቁራጩ ያጥራል። በየጊዜው እየተቆረጠ እንደሚቀጣጠል ገመድ አስቡት። ቁራጩ ረጅም ከሆነ መዋለዱ ቅርብ ነው፤ አጭር ከሆነ ሩቅ። እኛ ዘመን ያሉት በጣም አጫጭር ናቸው። የኡስት ኢሺሙ ሰው ቁራጮች ግን ዘለግ ያሉ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ርዝመቱን ለክተው መዋለዱ እሱ ከመኖሩ ከ7 እስከ 13 ሺህ ዓመት በፊት ነው ብለው ገመቱ። አንድ የጭን አጥንት ሰዓት ሆነ ማለት ነው! ሩማኒያ ውስጥ ኦአሴ ዋሻ የተገኘው መንጋጋ ደግሞ ይብሳል። 40 ሺህ ዓመት ግድም የሆነው ይህ ሰው፣ ኒያንደርታል ቅድመ አያቱ ያለው ከ4 እስከ 6 ትውልድ ብቻ ወደኋላ ነው። ሁለቱም ግን በደብተሬ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ያው ናቸው፦ የዛሬ ሕዝብ ከእነሱ ወገን ወረደ የሚያሰኝ ምልክት አልተገኘም።

ስለ ዕድሜ መለኪያ ባጭሩ። ራዲዮካርቦን (በሕይወት በነበረ ነገር ውስጥ ያለውን፣ እየበሰበሰ የሚያልቅ የካርቦን ዓይነት የሚለካው ዘዴ) ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በላይ አያስኬድም፤ በየ5,730 ዓመቱ ግማሽ እየሆነ የሚለካው ነገር ያልቃል። ስለዚህ ለሚስሊያ ዓይነቱ የዩራኒየምን መበስበስ፣ ወይም አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ መቼ እንዳየ የሚለካ ዘዴ ያስፈልጋል። አውስትራሊያ ውስጥ የሙንጎ ሐይቅ አጥንቶች 42 ሺህ ዓመት ገደማ የተባሉት በአሸዋው ነው።

ራዲዮካርቦን በሚሠራበትም ቦታ ቢሆን አመጋገብ ይገባበታል። የኬንዊክን ሰው ውሰዱ። በ1996 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኮሎምቢያ ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ዳሌው ላይ የድንጋይ ጦር ጫፍ ተሰክቶ ቁስሉ ድኗል። መጀመሪያ ከ9 ሺህ ዓመት በላይ ተባለለት። በኋላ አጥንቱ ሲመረመር ሰውየው በዋናነት የባሕር እንስሳ ይበላ እንደነበር ታወቀ። የባሕር ካርቦን ያረጀ ስለሆነ በላተኛውንም ያስረጀዋል። ተስተካክሎ 8,500 ገደማ ሆነ።

ደግሞም የራስ ቅሉን ቅርጽ አይተው የዛሬዎቹ የአገሬው ተወላጆች ወገን አይደለም ያሉ ነበሩ። በዚህ የተነሳ ዓመታት የፈጀ ክርክር ሆነ፣ ፍርድ ቤት ድረስ። በ2015 ከእጁ አጥንት የወጣው ዲኤንኤ ዘመዶቹ የአሜሪካ ተወላጆች መሆናቸውን አሳየ። በ2017 አምስት ጎሳዎች መልሰው ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ በቅል ቅርጽ ብቻ የተጻፈ የፍልሰት ታሪክ ሳነብ ጥርጣሬ ይይዘኛል። ዲኤንኤ ለማውጣትም ከአጥንቱ ጥቂት መፈጨቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አንዳንድ ወገኖች እምቢ ሲሉ እኔ በበኩሌ ይገባኛል።

አሁን ያለሁት ሁለት ሕፃናት ላይ ነው። አንዱ በ1968 ሞንታና ውስጥ ክሎቪስ ከሚባሉት የጥንት አሜሪካ የድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የተገኘው የአንዚክ ልጅ ነው፤ 12,700 ዓመት ገደማ። ወገኖቹ ዛሬ በሰሜንም በደቡብ አሜሪካም ላሉ አብዛኞቹ ተወላጆች ቅርብ ናቸው። ሌላዋ አላስካ፣ አፕዋርድ ሰን ሪቨር የተገኘችው ሕፃን ናት፤ 11,500 ዓመት ገደማ። ጂኖሟ በ2018 ሲወጣ ቀድሞ የተገነጠለ፣ እስከዚያ ያልታወቀ ሕዝብ ሆኖ ተገኘ። ዘመናቸው ተቀራራቢ፣ አህጉራቸው አንድ። አንዱ ወገን አህጉሩን ሞላ፤ የሌላው ደብዛው ጠፋ። ለምን እንደሆነ አጥንቱ ብቻውን አይነግረንም፤ የአየር ንብረት መዝገብ ጎን ለጎን መታየት አለበት።

ቀጥሎ የምገባው ወደ ጥርስ ነው። የጥርስ ኢናሜል (ጠንካራው ውጫዊ ሽፋን) በልጅነት ከተሠራ በኋላ አይታደስም፤ አጥንት ግን ይታደሳል። በሁለቱ ውስጥ ያለው ስትሮንሺየም (ከአካባቢው አፈር በምግብና በውሃ በኩል ወደ ሰውነት የሚገባ ንጥረ ነገር) ከተለያየ፣ ያ ሰው ያደገበትና የሞተበት ቦታ ይለያያል። ያኔ ሕዝብን ሳይሆን የአንድን ሰው ጉዞ መከተል ይቻላል።