ሃያ ሁለት ባልዲ በራሜስዋራም

ከቼናይ ራሜስዋራም በባቡር አንድ ሌሊት ነው። ስለ ሌሊቱ ብዙ አልልም፤ ከላዬ የተኛው ሰውዬ እስኪነጋ አንኮራፋ። ጠዋት ግን ባቡሩ ባሕር ላይ ያለውን ድልድይ እያዘገመ ሲሻገር፣ ግራ ቀኝ ውሃ ብቻ ሲሆን ቂሜን ረሳሁት።

ደሴቷ በደቡብ ሕንድ ጫፍ ናት፣ ከስሪላንካ ትይዩ። በሂንዱዎች አፈ ታሪክ ጀግናው ራማ ሚስቱን ሲታን የጠለፈውን የአጋንንት ንጉሥ ራቫናን ላንካ ድረስ ሄዶ ገደለው። ራቫና ግን የብራህሚን፣ ማለትም የካህናት ዘር ነበርና ራማ ከደሙ ለመንጻት ሺቫ የሚባለውን አምላክ ማምለክ ፈለገ። ሊንጋም የሚባለውን የሺቫ ምልክት እንዲያመጣ ጦጣውን ሃኑማንን ሂማላያ ላከው። ሃኑማን ቆየ። የአምልኮው ሰዓት እንዳያልፍ ሲታ በባሕሩ አሸዋ ሊንጋም ሠራች። ምስኪኑ የእሱን ተሸክሞ ከች ሲል ሁሉም ነገር አልቋል! ተናደደ፣ የአሸዋውን በጅራቱ ጠምጥሞ ሊነቅል ታገለ፣ አቃተው። ራማም ለማጽናናት "መጀመሪያ ያንተ ይመለክ" አለ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። አርፍዶ መጥቶ ቅድሚያ ያገኘ ሰው ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወደድኩት።

ሁለቱ ሊንጋሞች ባሉበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ምእመኑ እየዞረ የሚጠመቅባቸው 22 የውሃ ጉድጓዶች አሉ። በሩ ላይ አንድ ልጅ "500 ሩፒ፣ ሁሉንም አዞርሃለሁ" አለኝ። ከፈልኩ። ትንሽ ገባ ስል ትኬቱ 25 ሩፒ መሆኑን አነበብኩ። የኤርፖርት ታክሲ እንኳን እንዲህ ሙልጭ አድርጎኝ አያውቅም።

ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመ ሰው በገመድ ባልዲ ይስብና አናትህ ላይ ይደፋዋል። ከዚያ ሩጫ ወደ ቀጣዩ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል በብርድ ተንዘፍዝፌ አውቃለሁ፤ እዚህ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ሰዉም እየሳቀ ነው የሚጠመቀው። ባሕሩ አጠገብ ሆኖ ውሃው አለመምረሩ ገረመኝ። ከአስራ አምስተኛው በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ልብሴን ቀይሬ ወደ ውስጠኛው ክፍል ስጠጋ ዘበኛው "ሂንዱ?" አለ። አይደለሁም። በምሶሶ በተሰለፈው ረጅም ኮሪደር ተመልሼ ቁጭ አልኩ። አንዲት አሮጊት ከውስጥ ሲወጡ አዩኝና ምንም ሳይሉ ከመዳፋቸው ነጭ አመድ ቆንጥረው ግንባሬን ቀቡኝ።

ማታ እናቴ በቪዲዮ ደወለች።

"ግንባርህ ላይ ያለው ምንድነው?"

"እምነት ነው።"

"እሰይ የኔ ልጅ! ከየትኛው ደብር?"

ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት።