ቆላ ላይ የወባ ስላይድ እንዴት እንዳስተካከልን

መተማ በኩል፣ ሰሊጥ ከሚታረስበት ቆላ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስገባ ማይክሮስኮፑ ደህና ነበር። ጊምሳ (ደሙ የሚቀለምበት ቀለም) አለ፣ ስላይድ (ደሙ የሚቀባበት መስታወት) አለ፣ ዘይትም አለ። የጠፋው የሚነበብ ስላይድ ነው። ስላይዱ ላይ ደም በወፍራሙም በቀጭኑም ይቀባል፤ ወፍራሙ ጠብታ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ሳይሟሙ እንዳሉ ተደራርበዋል፣ ከላይ ደግሞ የቀለም ዝቃጭ እንደ ጥቁር አሸዋ ተበትኖበታል። ወቅቱ ጥቅምት ነው። ከደጋ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ ትኩሳት ይዞት በረንዳው ላይ ተኮልኩሏል፣ ከምርመራ ክፍል «ቢኤፍ» (የደም ፊልም ምርመራ) የሚል ወረቀት በላይ በላዩ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ከዚያ ቡናማ ነገር ውስጥ ወባ አለ የለም እንድንል ይጠበቃል።

ይህን የምጽፈው ለጀማሪ የላብራቶሪ ልጆች ነው። ኮሌጅ እያለን የፓራሳይቱን ቅርጽ ስንሸመድድ ነው የከረምነው። ስላይድ አሠራሩ በልምምድ ሰዓት ላፍ ተደርጎ ታለፈ። ሥራ ላይ ስትገቡ ነገሩ ይገለበጣል። በደንብ የተሠራ ስላይድ ላይ ወባ ማየት ያን ያህል አይከብድም፣ ስላይዱን በደንብ መሥራት ነው ጣጣው።

መጀመሪያ ያየሁት የሚደርቅበትን ቦታ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ይደረደራል። ወፍራሙ ፊልም፣ ማለትም ጠብታው፣ ሜታኖል (ሴሎቹን እንዳሉ የሚያጸና አልኮል) የማይነካው ለምን እንደሆነ አስታውሱ፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ውሃ ቀይ ሴሎቹን አሟሙቶ ነጭ ሴልና ፓራሳይት ብቻ እንዲቀር ነው። ብዙ ደም በአንድ እይታ እንድናይ የሚያደርገን እሱ ነው። ሙቀት ግን እንደ ሜታኖል ቀይ ሴሎቹን እንዳሉ ያጸናቸዋል፣ ከዚያ በኋላ አይሟሙም። የመተማ ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስላይዱን ወደ ጥላ ወሰድነው፣ ለጥ ብሎ እንዲተኛ አደረግን፣ ትንሽ ይቆያል እንጂ ይደርቃል። ለውጡ በማግስቱ ታየ።

ዝንብም አለ። ደጋ የሠራ ሰው ይስቃል፣ ግን ዝንብ እርጥብ ደም ትልሳለች፣ ጠብታውን ወንፊት አድርጋው ትሄዳለች። ከሰፈሩ አናጢ ዘንድ ሄጄ ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት ሳጥን አሠራሁ። ከዚያ ቤት ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ደም አወሳሰዱ ላይም ነካካን። የአጫጅ እጅ እንደ ጫማ ሶል የጠነከረ ስለሆነ ላንሴቱ (መውጊያው) ላይ ላዩን ይነካውና ደም አይወጣም፣ ያኔ ሁሉም ሰው ጣቱን ጨምቆ ጨምቆ ግማሹ ውሃ የሆነ ደም ያወጣል። የቀለበት ጣትን ጎን፣ ጫፉ አካባቢ፣ አንዴ ጠበቅ አድርጎ መውጋት ይሻላል። «ወንድሜ፣ እጅህን ወደታች አድርገህ ላላ በል» ብሎ ትንሽ መጠበቅም ብዙ ይረዳል። አልኮሉ ሳይደርቅ አትውጉ። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጉ። ወፍራሙ ሲዘረጋ ከሥሩ የተቀመጠ የጋዜጣ ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ መነበብ አለበት፤ ካልተነበበ ወፍሯል፣ ሲታጠብ ተልጦ ይሄዳል። ቀጭኑን ሜታኖል ስታስነኩ ስላይዱን ዘንበል አድርጉት፣ ወፍራሙ ከላይ ይሁን፣ አለበለዚያ አንዷ ጠብታ ወርዳ ልፋታችሁን ገደል ትከተዋለች።

ከሁሉ የባሰው ግን ውሃው ነበር። ጊምሳው የሚበጠበጠው በጉድጓድ ውሃ ነው። የጊምሳ ቀለም ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.2 አካባቢ ካልሆነ በትክክል አይሠራም። ውሃው አሲድ ሲሆን ሁሉም ነገር ሮዝ ይሆናል፣ ወደ አልካላይ ሲያጋድል ደግሞ ሰማያዊ ይለብሳል፣ በሁለቱም ሰው ዓይኑን ይወቅሳል። ሆስፒታል የሚሠሩ የክፍል ጓደኞቼን ለምኜ የባፈር ጨው (የውሃውን ፒኤች የሚያስተካክል) እና የተጣራ ውሃ አስመጣሁ። ለትራንስፖርት ከኪሴ ወጥቷል፣ ማን እንደሚመልስልኝ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፣ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ቀላል ነው፤ ዋናው ጠርሙስ ውስጥ ውሃ የነካው ነገር አይገባም፣ የሚበጠበጠው ለሥራው የሚበቃ ብቻ ነው፣ የጠዋቱ ለከሰዓት አያገለግልም። አሥር ፐርሰንት ከሆነ 10 ደቂቃ ገደማ፣ ሦስት ፐርሰንት ከሆነ 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ወረፋ ሲኖር አሥሩን፣ ሲረጋጋ ሦስቱን። ስታጥቡ ቀለሙን አትድፉት፣ ባፈሩን በቀስታ ጨምሩበትና ላዩ ላይ የሰፈፈው የሚያብረቀርቅ ነገር ራሱ ተንሳፍፎ ይውጣ። ያ ጥቁር አሸዋ ያልኳችሁ እሱ ነበር።

አዲስ ቀለም በተበጠበጠ ቁጥር ወባ እንዳለበት የሚታወቅ ስላይድ አብረን እናቀልማለን። እሱ ላይ የፓራሳይቱ ክሮማቲን ቀይ፣ ሳይቶፕላዝሙ ሰማያዊ፣ የነጭ ሴሉ ኒውክለስ ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ካልወጣ የዚያን ቀን ኔጌቲቭ አላምንም። ትንሽ ድርቅ ያልኩበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ አሁንም አልተፀፀትኩም።

ስላይዱ ሲጠራ ዝርያ መለየት ጀመርን። ይሄ ለውበት አይደለም። ፋልሲፓረም ሲሆን ኮአርተም ነው የሚጻፈው፣ ቫይቫክስ ሲሆን ክሎሮኪን፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ለሚቀረው ደግሞ ፕሪማኪን ያስፈልጋል። የቫይቫክስ ምልክት የሆኑት በሴሉ ውስጥ የሚበተኑት ጥቃቅን ሮዝ ነጥቦች ፒኤቹ ከተበላሸ ጭራሽ አይታዩም። ቁጥሩንም «ሁለት ፕላስ» «ሦስት ፕላስ» ማለት ትተን መቁጠር ጀመርን። 200 ነጭ ሴል እስክትቆጥሩ 150 ፓራሳይት ካገኛችሁ፣ 150 በ8000 (በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አለ ተብሎ በሚወሰደው የነጭ ሴል ቁጥር) ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል በአንድ ማይክሮሊትር ደም 6000 ፓራሳይት ነው። በሽተኛው ከነገ ወዲያ ሲመለስ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን በዚህ ታውቃላችሁ። ከ100 ፓራሳይት በታች ከሆነ እስከ 500 ነጭ ሴል ቀጥሉ። ኔጌቲቭ ለማለት ደግሞ በወፍራሙ ላይ ቢያንስ 100 እይታ ማየት ግድ ነው። ወረፋው ሲረዝም ሠላሳ ላይ ማቆም ይመጣል፣ በተለይ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ። ለዚህ ያገኘነው መላ አንዱ ደም እንዲወስድና እንዲያቀልም፣ ሌላው እንዲያነብ መከፋፈል ነው፣ ከሰዓት ቦታ እንቀያየራለን።

ያልጠበቅነው ነገር ግርሻ ነበር። በካምፕ ተጨናንቀው ከሚያድሩ ሠራተኞች ደም ውስጥ፣ በሴሎቹ መሃል፣ እንደ ፀጉር ቀጭን የተጠማዘዙ ነገሮች አየን። ቦሬሊያ ነው፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው። ድሮ በዚያ ቆሻሻ አቀላለም ብናየው ክር ነው ብለን እናልፈው ነበር። ፈጣኑ ምርመራ፣ አርዲቲው፣ ይህን አያሳይም፣ የሚፈልገው ወባን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ውጤት ሲወጣ ወረቀት መላክ ብቻ አይበቃም፣ ሄጄ በአፌ እነግራለሁ፤ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከተሰጠ በኋላ በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ክፉኛ ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል አጠገቡ ሰው መኖር አለበት።

ከሐኪሞቹ ጋር የነበረው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ኔጌቲቭ ስንልክ ኮአርተም ይጽፋሉ። ተናድጄ ነበር፣ ግን እውነቱን ለመናገር ያንን ስላይድ ያየ ሰው ባያምነን አይፈረድበትም። ስብሰባ ላይ መከራከር ምንም አላመጣም። የሠራው፣ ጤና መኮንኖቹን አንድ በአንድ ጠርቶ «ና እስቲ አንተው እይ» ማለት ነው። ዓይናቸውን አስጠግተው የሙዝ ቅርጽ ያለውን የፋልሲፓረም ጋሜቶሳይት (የፓራሳይቱን የመራቢያ ቅርጽ) ራሳቸው ሲያዩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ምንም የሌለበትን ጥርት ያለ ስላይድ ሲያዩ፣ ጥያቄው ተቀየረ። «እርግጠኛ ነህ?» ማለታቸው ቀርቶ «ወባ ካልሆነ ምን ይሆን?» ማለት ጀመሩ። ታይፎይድ፣ ካላ አዛር፣ የሳንባ ምች ትዝ የሚላቸው ያኔ ነው።

ያልፈታነው የሌሊቱን ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለወሊድ ክፍል ይሄዳል፣ መሄድም አለበት። ስለዚህ ተረኛው በአርዲቲ ይሠራና ስላይዱን ግን ሠርቶ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ጠዋት እናነበዋለን። አርዲቲው ኔጌቲቭ ብሎ ስላይዱ ላይ ፋልሲፓረም የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ኤችአርፒ2 የሚባለውን ጂን ያጡ ፓራሳይቶች በአገራችን መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል፣ በዚያ ፕሮቲን ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ እነሱን ሊስት ይችላል። ለዚህ ነው ተረኛው የበሽተኛውን ስልክ ቁጥር ሳይጽፍ እንዳያሰናብት የተስማማነው። ስልክ የሌለው ከሆነ የካምፑን አለቃ ስልክ።