በድርጅቱ ስኬል መሠረት

ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር ቅር ቅር የሚል ነገር መጣብኝ። ምክንያት የለውም፤ ክረምት ነው፣ እሑድ ነው፣ ነገ ሥራ ነው። ጋዜጣ ሳገላብጥ አንድ የኢንሹራንስ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ዓይኔን ያዘው። ሲኒየር አንደርራይቲንግ ኦፊሰር (የመድን ጥያቄን መርምሮ ይግባ አይግባ፣ በስንት ይግባ የሚል)፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አምስት ዓመት ልምድ፣ «ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት»። ሥራው አላጓጓኝም፤ የመጨረሻዋ ሐረግ ግን አልለቀቀችኝም። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ቁጥር ከተደበቀብኝ ዕረፍት የለኝም።

ስኬል ማለት ደረጃና እርከን ነው። ደረጃው የመደቡ ነው፤ ጁኒየር፣ ኦፊሰር፣ ሲኒየር፣ ዋና ክፍል ኃላፊ እያለ ይወጣል። እርከኑ የሰውየው ነው፤ በየዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ተሞልቶ፣ ቦርድ ሲፈቅድ፣ አንድ እርከን ይጨመራል። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ጣሪያው ነው። የደረጃው የመጨረሻ እርከን ላይ የደረሰ ሰው ዕድገት እስኪያገኝ ወይም ስኬሉ ራሱ እስኪሻሻል ድረስ ምንም ቢሠራ እዚያው ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው ሰው ነው። ድርጅቱ ሰው ሲቸግረው አዲሱን ከመነሻው አይጀምርም፤ አራትና አምስት እርከን አሻግሮ ይቀጥረዋል። ስምንት ዓመት የቆየው ከጎኑ ተቀምጦ ሥራ ያለማምደዋል። ለዚህ ነው በእኛ በኢንሹራንስ ሠራተኞች መንደር ትልቁን ጭማሪ የሚያመጣው ወረቀት ዕውቅና ሳይሆን የሥራ መልቀቂያ የሚሆነው። ወደ ሌላ ቤት ስትደራደሩ «ስንት ትከፍላላችሁ» ብቻ ሳይሆን «ስንተኛው እርከን ላይ ነው የምታስገቡኝ፣ ከላዬስ ስንት ይቀራል» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ደመወዝ ሆኖ ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ቅጥር ብዙ ነው።

ጭማሪው ራሱ እጅ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ ይቀረጥበታል። የጡረታው 7 በመቶ ይደመርበት። እንግዲህ መሠረታዊ ደመወዙ 30,000 ብር የሆነ ሰው ግብሩ 8,450፣ ጡረታው 2,100፣ የሚቀረው 19,450 ብር ነው። ሌላ ቤት «40,000 እንከፍልሃለን» ቢለው አሥር ሺህ ጨመርኩ ብሎ ለሚስቱ ይነግራል። እጁ የሚገባው ግን 5,800 ነው። ከ14,000 በላይ ከእያንዳንዱ አንድ ብር 58 ሳንቲም ብቻ ነው የሚተርፈው። ማሻሻያው ራሱ ለዚህ ሰው የጨመረለት በወር 550 ብር ነው፤ ለ100,000 ብር ተከፋይም ያው 550። ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር ከግብር ነፃ የሆነው የታችኛው ድርሻ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ይሄዳል፤ ተቃውሞ የለኝም፣ ሒሳቡን ግን ሰው ይወቀው።

ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዝ ብቻውን ምንም አይናገርም። የነዳጅ አበል አለው? የቤትስ? ሕክምናው ቤተሰብን ይጨምራል? ቦነሱ የስንት ወር ነው፣ የሚታሰበውስ በመሠረታዊው ነው ወይስ ከአበሉ ጋር? ቦነስ ላይ ጡረታ አይቆረጥም፤ ከ14,000 በላይ ለሆነ ተከፋይ ከአንድ ብር 65 ሳንቲም ይደርሳል። ከደመወዝ ጭማሪ ይልቅ ትንሽ ይሻላል ማለት ነው፤ ግን ተስፋ ነው እንጂ መብት አይደለም። የበጀት ዓመቱ በሰኔ ይዘጋል፣ የውጭ ኦዲተር ይገባል፣ ቦርድ ያያል፣ ከዚያ ነው ገንዘቡ የሚለቀቀው። በዚህ መሀል የሚለቅ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ «ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን በሥራ ላይ የነበረ» በምትል አንዲት መስመር ቦነሱን ሊያጣ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት የውስጥ ደንቡን አንብቡ። የደንበኛውን ፖሊሲ ቃል በቃል የምናነብ ሰዎች የራሳችንን መመሪያ አናነብም።

ባንክ የሚሠሩትን ሳላነሳ አላልፍም፤ ያቺ ቦሌ ያለችው የባንክ ሠራተኛ እንዳትቀየመኝ እንጂ። ልዩነቱን ሰው የሚፈልገው ደመወዙ ላይ ነው። ያለው ግን ብድሩ ላይ ነው። ለሒሳብ እንዲመች አንድ ሠራተኛ 3 ሚሊዮን ብር የቤት ብድር በ7 በመቶ ወለድ አገኘ እንበል፤ ያው ብድር በገበያ ዋጋ 18 በመቶ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚቆጥበው ወለድ 330,000 ብር ነው። በወር 27,500። እኛ ጋ የሠራተኛ ብድር አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያ ብድር መስጠት ሥራው አይደለምና የሚያበድረው ገንዘብም እንደ ባንክ አይሆንም። ይሄንን ያልደመረ የደመወዝ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ግን ይሄ ሁሉ ዳርዳርታ ነው። ዛሬ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሥራ ማን ስንት እንደሚያገኝ የሚወስነው አረቦኑ ጋ፣ ማለትም ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለው ገንዘብ ጋ፣ ምን ያህል ቀርበህ ቆመሃል የሚለው ነው።

የሽያጭ ወኪሉን እንውሰድ። ደመወዝ የለውም፣ የዓመት ፈቃድ የለውም፣ አሠሪ የሚከፍልለት 11 በመቶ ጡረታ የለውም። የሚኖረው በኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑም የሚታሰበው አረቦኑ ሲገባ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የረሃብ ነው። የሚያነሣው ዕድሳቱ ነው፤ አምና የሸጠው ዘንድሮ ሲታደስ አዲሱን እየጨመረበት ይሄዳል። የሕይወት መድን የሚሸጠው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ወፍራሙ ኮሚሽን የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነውና ሁልጊዜ አዲስ ሰው ማሳደድ አለበት። የብዙ ወኪሎች ገቢ ደግሞ በባንክ ብድር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ባንክ በመያዣ የያዘው መኪና ሙሉ ሽፋን ይግባለት ስለሚል፣ ብድር ሲለቀቅ ኮሚሽን አብሮ ይለቀቃል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ መመሪያው ስለ ኢንሹራንስ አንዲት ቃል አልነበራትም። በመኪና ብድር ላይ ይኖሩ የነበሩ ወኪሎች ግን የሚሸጡት ጠፋ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው በጥቂት ወራት ከእጥፍ አለፈ። መኪናው ያው መኪና ነው፣ መንገዱም ያው መንገድ፣ ሾፌሩም ያው። የመድን ዋጋው ግን ዘለለ። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር የነበረች መኪና 3 ሚሊዮን ተኩል ገባች፤ አረቦኑን 2 በመቶ ብንይዝ ከ40,000 ወደ 70,000 ሄደ፤ ኮሚሽኑን 10 በመቶ ብንል ከ4,000 ወደ 7,000። ወኪሉ ጭማሪ አልጠየቀም፣ አቤቱታ አልጻፈም፤ ገቢው ራሱ ከዋጋው ጋር ተራመደ። አሠሪው ቤት ውስጥ ደመወዝተኛው የስኬል ማሻሻያ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል። ወኪሉን እየወቀስኩ አይደለም። ፀሐይና ጭቃ የሚበላው እሱ ነው፣ ደንበኛው ቢሄድበትም ባዶ እጁን ነው።

አሁን ሌላኛውን ጠረጴዛ እዩት። ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፍል ያለው መካኒካል ኢንጂነር ጋራዥ ሄዶ የተጋጨ መኪና ያያል። ፕሮፎርማው ላይ የቀኝ የፊት መብራት «ይቀየር» ይላል። ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ መስታወቱ ደህና ነው፣ የተሰበረው ማሰሪያ ጆሮው ነው። «ይጠገን» ብሎ ይጽፋል። የዘመኑ መኪና የፊት መብራት ስንት እንደገባ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በአሥር ደቂቃ የአንድ ወር ደመወዙን ከዚያም በላይ አዳነ። ፓራውልቱ ከተቀየረ አሮጌው ወደ ሳልቬጅ (ኩባንያው የሚረከበው የተጎዳ ዕቃ) መመለሱን ያያል፣ የእጅ ዋጋው ከላሜራውና ከቀለሙ ጋር ሁለት ጊዜ እንዳልተቆጠረ ይመረምራል። ይሄ ሁሉ የት ይመዘገባል? የተከፈለው ካሳ ሪፖርት ላይ አለ። ያልተከፈለው የትም የለም። የእሱ ተጨማሪ ገቢ የመስክ አበል ነው፤ ክልል ሲወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የዋለ ቀን አበል የለውም። እንዲህ ያለ እጁ ላይ ትልቅ ውሳኔ ያለ ሰው ዝቅተኛ እርከን ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም፤ ይሄን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

አንደርራይተሩም እንደዚያው ነው። መርካቶ ያለ መጋዘን የእሳት መድን ይጠይቃል። ሰርቬይ ሪፖርቱን ያገላብጣል፦ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎረቤቱ የስፖንጅ ፍራሽ መደብር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከውጭ የተቀጠለ፣ ዕቃው እስከ ጣሪያ የተደረደረ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። ወይ ውድቅ ያደርጋል፣ ወይ አረቦኑን ጨምሮ ሽቦው እስኪታደስ ሽፋን አይጀምርም ይላል፣ ወይ አብዛኛውን ድርሻ ለጠለፋ መድን፣ ማለትም መድን ሰጪውን ራሱን ለሚመድን ኩባንያ፣ ያስተላልፋል። የዕቃውንም ዋጋ ያያል። 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ በ4 ሚሊዮን ከተገባ፣ የ2 ሚሊዮን ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው የዚያኑ 40 በመቶ፣ 800,000 ነው፤ ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በተገባ ዋጋ የቀረ ደንበኛ ሁሉ ሳያውቀው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። ይሄን ቀድሞ ለደንበኛው የነገረ አንደርራይተር ኩባንያውን ከክርክር፣ ደንበኛውን ከኪሳራ አድኗል። ማርኬቲንግ ግን «ቢዝነስ አበላሸብን» ይለዋል።

በፊትስ? በ1967 ዓ.ም. 13ቱ የግል ኩባንያዎች ተወርሰው፣ በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲቋቋም፣ ለዚህ ሙያ አሠሪው አንድ ብቻ ሆነ። እስከ 1986ቱ አዋጅ ድረስ ድርድር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሌላ የሚሄድበት ቤት የለማ። የግል ኩባንያዎች ሲመጡ የደመወዝ ዋጋ መጣ። ዛሬም አዲስ ኩባንያ ፈቃድ ባወጣ ቁጥር የነባሮቹ ስኬል ድንገት ለማሻሻያ የደረሰ ይሆናል። በጣም የሚፈለገው ጥቂቱ ሰው ነው፦ የጠለፋ መድን ውል የሚያውቅ፣ የኢንጂነሪንግና የአቪዬሽን ሪስክ የሚያነብ፣ ከሁሉም በላይ አክቹዋሪ፣ የአደጋን ዕድልና ዋጋ በሒሳብ የሚያሰላው። ሞተር (የመኪና መድን) ብቻ የሚያውቀውን መተካት ቀላል ነው፤ ገበያው ራሱ በአብዛኛው ሞተር ነውና።

የምስክር ወረቀት ይረዳል? ይረዳል፤ ካነበቡለት። የለንደኑ የቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት አድቫንስድ ዲፕሎማ ለረጅም ጊዜ 290 ክሬዲት ይጠይቅ ነበር፤ በየፈተናው ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ከ2016ቱ ሐምሌ ወዲህ በብር ሲታሰብ ያስደነግጣል። አሠሪው ካለፋችሁ ይመልስላችሁ እንደሆነ፣ ከመለሰም ስንት ዓመት የአገልግሎት ግዴታ እንደሚያስፈርም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ግዴታው ላይ ያላችሁ ጊዜ ሌላ ቤት ከጠራችሁ፣ ያገኛችሁት እርከን ዕዳውን ለመክፈል ይሄዳል።

ዳላስ ያለው ዘመዳችን «እዚህ እኮ የሚሸጠው ነው የሚበላው» ይለኛል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የ2023 አሃዝ ግን እንዲህ አይልም፦ መካከለኛው የዓመት ገቢ ለሽያጭ ወኪል 59,080 ዶላር፣ ለአንደርራይተር 77,860፣ ለአክቹዋሪ 120,000። ዘመዳችን የሚያየው ከላይ ያሉትን፣ ከመቶ ሺህ በላይ የሚያገኙትን ወኪሎች ነው። ከታች ያሉት ግብዣ ላይ አይመጡም። እዚያ ታዲያ ለጠረጴዛው ሰው የተሻለ የሚከፍሉት ያዳነውን መለካት ችለው ነው? ወይስ ሰው ስለጠፋ ብቻ?

መለካቱን ልሞክረው ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ለአንደርራይተሩ ቦነስ በካሳ ምጣኔ ቢሰጠው፣ ማለትም ካሳው ለአረቦኑ ሲካፈል ዝቅ ካለ ብሩ ከፍ ቢል፣ ሁሉንም መጋዘን ውድቅ ማድረግ ይጀምራል። ባልገባ አረቦን ላይ ካሳ የለማ። አረቦኑም ይቆጠር ካልን ተመልሰን ወኪሉ ጋ ደረስን። አንድ ዓመት ብቻ ከታየ ዕድል ነው፤ መርካቶ ያልተቃጠለው በእሱ ብልሃት ነው ወይስ በእግዜር? አምስት ዓመት ይታይ ብንል፣ እስከዚያ ሰውየው አራት እርከን ተሻግሮ ሌላ ኩባንያ ገብቷል፤ ቦነሱን ማን ይሰጠዋል? ውድቅ ያደረገውን መጋዘን ሌላ ኩባንያ ተቀብሎት ቢቃጠል ይቆጠርለት ብዬም አስቤ ነበር። ለዚህ ደግሞ የተፎካካሪውን የካሳ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል፤ እሱን ማን ይሰጠኛል?

ሦስት ገጽ ሞላሁ። ነገ ጠዋት ደመወዝ ለሚሠራው ለፔይሮሉ ልጅ አሳየዋለሁ ብዬ አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ። መልሱን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፦ «ሥራ አጥተሃል እንዴ?»