ፍሪጅ መጠገን ካሜራ ፊት ከማውራት ይቀላል

ካሜራ ፊት ስትቆሙ ምላሳችሁ የሚተሳሰር ከሆነ አንድ ምክር አለኝ፦ ስልጠና አትግቡ። ቢያንስ እኔ የገባሁበትን ዓይነት አትግቡ። መስታወት ፊት ተለማመዱ፣ ጽፋችሁ በቃላችሁ ያዙ፣ ፈገግ በሉ፣ ከዚያ ሰው የሚበዛበት ቦታ ወጥታችሁ ተናገሩ ይላሉ። ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። የመጨረሻው እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያናድደኛል።

ሐዋሳ ውስጥ ፍሪጅ እጠግናለሁ። ደንበኛ ቤት ገብቼ ሥራ ስጀምር ወሬ አይቸግረኝም። ስልክ ሲደቀንብኝ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። አፌ ይደርቃል፣ እጄ የሚያርፍበት ያጣል፣ ድምፄ ይቀጥናል። እኛ ያደግነው እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ግቡ እየተባልን ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን። ከዚያ ቲክቶክ መጣና ተናገሩ ተባልን። እኔ ሳፍር ሌሎቹ ጠጋኞች በቪዲዮ ደንበኛዬን መውሰድ ጀመሩ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። በስልካችሁ የኋላ ካሜራ ቅረጹ። ጥራቱ ይሻላል፣ ዋናው ግን ራሳችሁን አታዩም። ራሱን እያየ የሚያወራ ሰው ስለ ጸጉሩ እንጂ ስለሚለው ነገር አያስብም። ስለ መስታወቱ የሚሰጠውን ምክር የምጠላው ለዚሁ ነው። ድምፃችሁን ቀድታችሁ ስትሰሙ «ይሄ እኔ ነኝ?» ብትሉ አትደንግጡ። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም እንሰማዋለን፤ አጥንቱ ወፈር ያደርግልናል። ቅጂው ላይ ያ የለም። ሌላው ሰው ሁልጊዜም የሚሰማን እንደዚያ ነው፣ ማንም አልሸሸንም። ማይክ ግዙ፣ ገመድ ያለው ርካሹ ቦያ ይበቃል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ ጥሩ ስታወሩ ሰው ይደውላል። ማታ በአምፖል ስትቀርጹ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ቪዲዮውን በሰከንድ ከ30 ወደ 25 ፍሬም (ምስል) አውርዱት። ወይም ቀን ቀን መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ሐይቁ ልምጣ።

አሰልጣኙ «ፍርሃትን በአደባባይ ነው የሚገድሉት» ብሎናል። እኔም ዓሣ የሚሸጡ ደንበኞች ስላሉኝ ስለ ዲፕ ፍሪዘር ሐይቁ ዳር ብናገር ያምራል አልኩ። የአክስቴን ልጅ ይዤ፣ ትራይፖድ ተውሼ፣ ሸሚዝ አስተኩሼ በጠዋት ሄድኩ። ጠዋት መሆኑ ጥሩ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ትራይፖዱን ዘርግተን ሳንጨርስ ጥበቃው መጣ።

«ወንድሜ፣ ፈቃድ አለህ?»

ዙሪያችን ያለው ወጣት ሁሉ በስልኩ እየተቀረጸ ነው። አንዷ እየጨፈረች ነው። እኔን ግን ትራይፖዱ አስያዘኝ። ሦስት እግር ያለው ነገር ካቆምክ ጋዜጠኛ ነህ። ቢሮ ሂድ አለኝ፣ ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ።

«መሥሪያ ቤቴ እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ራስህ ጻፍ፤ ግን ማኅተም ይኑረው።»

ንግድ ፈቃዴን አወጣሁ። አገላብጦ አየው። «ይሄ ጥገና ነው የሚለው። ቀረጻ አይልም።» እኔ ፊልም ልሠራ አልመጣሁም፣ ስለ ፍሪጅ ሁለት ደቂቃ ላወራ ነው ብለው አልገባውም። ወይም ገብቶታል። አግዳሚው ላይ አስቀምጦን ሻዩን ጠጣ፣ ስልክ አወራ፣ ደግሞ ሻይ አስመጣ። የጠዋቱ ብርሃን እዚያው አለቀ።

በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለመሆኑ ምን ልትናገር ነው? እስቲ እዚሁ በለው፣ እንስማህ።»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። ተነሳሁና የሸመደድኩትን ጀመርኩ። «ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ በዛሬው ዝግጅታችን...» ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋኝ። ብፈልግ ብፈልግ የለም። ላቤ በተተኮሰው ሸሚዝ ውስጥ ሲወርድ ይታወቀኛል። አንዱ ሳቁን በፋይል ሸፈነ። ሰውዬው ደግሞ «ቀጥል እንጂ» ይለኛል፣ ደስ ብሎት።

ያዳነችኝ ጥግ ላይ መዝገብ የምትጽፍ ሴትዮ ናት። «ወንድሜ፣ የኔ ፍሪጅ ከታች ውሃ ያቁራል። ጋዙ አልቋል ብለውኝ ላስሞላ ነው» አለች።

«እትዬ፣ እንዳይከፍሉ!» አልኩ። ጋዝ ሲያልቅ ማቀዝቀዙ ነው የሚደክመው፣ ውሃ አያቁርም። ውስጥ የኋላው ግድግዳ ግርጌ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃው በእሷ ነው የሚወጣው። የጎመን ቅጠል፣ የዳቦ ፍርፋሪ ይደፍናታል። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው፣ በቀጭን ነገር ቀስ ብለው ጠርገው ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱባት አልኳት። ከዚያ ሌላው ጠየቀኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለምን ወዲያው አትሰኩት እንደምል አስረዳሁ፤ ኮምፕረሰሩ፣ ማለት ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ሲቆም በሁለቱም በኩል ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ ቶሎ ከተነሳ ጭኖበት ሊቃጠል ይችላል። እጄ አየር ላይ ቱቦ ይስላል። ሰውዬው ራሱ ስለ ቤቱ ስታቢላይዘር ጠየቀኝ። ሳልንተባተብ መለስኩለት።

«ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ማኅተሙን ይዘህ ና።»

አልተመለስኩም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳ ወፎች ያለ ደብዳቤ ይቀረጻሉ፣ እኔ ማኅተም ላስቀርጽ ነው? ስንወጣ የአክስቴ ልጅ «ካሜራ ፊት ለምን እንዲህ አታወራም?» አለኝ። ከስልጠናው ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልቀረጽም። ከስልኩ ጀርባ የሚጠይቀኝ ሰው አቆማለሁ። ሙያውን የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፣ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ ትወና ይሆናል። ዓይኔ ከእሱ ፊት ወደ ሌንሱ እንዳይሸሽ ፊቱን ሌንሱ አጠገብ ያስጠጋል። ቪዲዮውን ስታርሙ ጥያቄውን ቆርጣችሁ መልሱን ታስቀራላችሁ። የሸመደደ ሰው የጠፋውን ቃል ይፈልጋል፤ የተጠየቀ ሰው ይመልሳል። «ውድ ተመልካቾቼ»ን ጣሉት፣ ቤታችሁ ለመጣ ሰው እንዲያ አትሉም። እጃችሁ ሥራ ይያዝ፤ እኔ ፍሪጅ እየፈታሁ ነው የማወራው። ልብስ ሰፊ ብሆን እየሰፋሁ አወራ ነበር። ፈገግታውንም ተዉት፣ ሲመጣ ይመጣል።

አደባባይ መውጣት የግድ ከሆነባችሁ ትራይፖድ አትያዙ። ስልኩን ከውሃ ጠርሙስ ጋር አስደግፉት፣ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ደንብ አክብሩ የሚል ይኖራል። እሱ ማኅተም አለው ማለት ነው።

የቀረጻችሁትን በዚያው ቀን አትዩት፣ ታጠፉታላችሁ። አሳድራችሁ እዩት። ኮሜንቱን ደግሞ በመጀመሪያው ሰሞን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። የእኔን የአክስቴ ልጅ ነው የሚያነበው። የጥገናውን ጥያቄ መርጦ ይልክልኛል፣ ስለ ሸሚዜ የተጻፈውን ለራሱ ያስቀራል።