ከቧንቧው እስከ ኩባያው

ባለፈው ወር የታናሽ እህቴ ልጅ አራት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው ሰነበተ። የምንኖረው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲሄዱ ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ እንጋራለን። ውሃው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ይመጣል። ልጁ ሲታመም የግቢው ሰው በሙሉ ጣቱን ወደ ቧንቧው ቀሰረ። እኔ ግን ሥራዬ ውሃ መመርመር ነውና ቧንቧውን ከመክሰሴ በፊት ናሙና መውሰድ ነበረብኝ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ጋቢ ተከናንቤ ወጣሁ። ብረቱን በአልኮል ጠርጌ አፉን በእሳት ስለበልበው የግቢያችን ታላቅ እማማ ባልዲያቸውን ይዘው ቆመው ኖሮ፣ «ልጄ፣ እንደ ወተት ዕቃ ልታጥኚው ነው?» አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ የቧንቧው አፍ ላይ ያለው ቆሻሻ ከውሃው ጋር እንዳይቆጠር ነው። ውሃውን ጥቂት ደቂቃ አፍስሼ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሞላሁ። በጠርሙሱ ውስጥ ቀድሞ የተጨመረ ሶዲየም ታዮሰልፌት አለ፤ እርሱ ክሎሪኑን ካላከሸፈው ባክቴሪያው መንገድ ላይ ይሞትና የሐሰት ንጹሕ ውጤት ይወጣል። ሁለተኛውን ከሮቶው፣ ሦስተኛውን ከእህቴ ማድ ቤት፣ ሁሉም ሰው ኩባያ እየነከረ ከሚቀዳበት ባልዲ ወሰድኩ። በበረዶ ሳጥን ይዣቸው ሥራ ቦታ ደረስኩ።

ከእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ስስ ማጣሪያ ውስጥ አሳለፍኩ። ውሃው ያልፋል፣ ባክቴሪያው ላዩ ላይ ይቀራል። ማጣሪያውን በትንሽ ሳህን ውስጥ፣ ባክቴሪያ የሚያድግበት ቀይ ምግብ ባጠጣሁት ንጣፍ ላይ አስተኝቼ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳደርኩት። በዚህ ሙቀት የሚያድጉት በዋናነት ከሰውና ከእንስሳት አንጀት የሚመጡት፣ ኮሊፎርም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በምግቡ ውስጥ ያለውን ስኳር በልተው አሲድ ስለሚያወጡና አሲዱ ቀዩን ወደ ቢጫ ስለሚለውጠው፣ በዓይን የማይታየው አንድ ባክቴሪያ ሲነጋ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይገኛል።

ሲነጋ ከፈትኩ። የቧንቧው ሳህን ላይ አንድም ነጥብ የለም። ሌሊቱን ስለካው ክሎሪኑም በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም ነበር። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ተጣርቶ ወደ ከተማዋ የሚገባው ውሃ ክሎሪን የሚጨመርበት ለዚሁ ነው። የሮቶው ሳህን ላይ 11 ነጥቦች ቆጠርኩ። የእህቴ ባልዲ ግን ለመቁጠር አልመች አለኝ፤ ነጥቦቹ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ሳህኑ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ለብሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ ነው።

እህቴ ሳህኑን አይታ አለቀሰች። «እኔ ነኝ ያሳመምኩት?» አለችኝ። ምርመራው ይህን አይልም። ኮሊፎርም ሁሉ በሽታ አያመጣም፤ ዓይነ ምድር በዚህ መንገድ እንዳለፈ የሚናገር ዱካ ነው። ዱካው ካለ ግን ተቅማጥ የሚያመጣውም በዚያው መንገድ ሊገባ ይችላል። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ለሚያገኝ ሰው ማጠራቀም የግድ ነው፤ በተጠራቀመ ቁጥር ደግሞ ክሎሪኑ እየቀነሰ ያልቃል። ይህን ለእናት ሸክም አድርጎ መጫን ይከብደኛል።

ቅዳሜ ሮቶው ላይ ወጣን። ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ዙሪያውን የእርግብ ኩስ ነበር። አጥበን ሞላነውና ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምረን አሳደርነው፤ በማግስቱ ሙሉውን ደፍተን አዲስ ክዳን ገዛንለት። ባልዲው ወጥቶ በምትኩ ከታች ቧንቧ ያለው ማጠራቀሚያ ገባ። የልጁን ውሃ ደግሞ እህቴ ታፈላለች፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንድታቆየው ነግሬያታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዲሱ ማጠራቀሚያ ቀድቼ ደገምኩት። ሳህኑ እንዳስገባሁት ቀይ ሆኖ ወጣ። እህቴ ወደ ብርሃን አንሥታ አገላብጣ አየችው፣ ለጎረቤቶቿም አሳየች። አሁን ለመጪው ቅዳሜ አምስት ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ፤ እማማ የእርሳቸው እንስራ ከሁሉ ቀድሞ እንዲታይ ጠይቀውኛል።